የሰባት ሳምንት በጀት

በዚያ ተራራማ የቨርጂኒያ አውራጃ የሴፕቴምበር የመጨረሻው ቅዳሜ ሲደርስ እቤቱ ቁርስ የሚበላ ሰው የለም። ሁሉም ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው ይወርዳል። ሁለቱ ቀያይ መኪኖች ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ በቆሙበት ቦታ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፤ እሳት ሲነሳ የውሃ ቱቦ የሚጎትቱት ሰዎች ያን ዕለት ሽርጥ አሸርጠው ፓንኬክ ይጋግራሉ። አንዳቸውም ደመወዝ አይከፈላቸውም። አንዱ ጎማ ጠጋኝ ነው፣ አንዱ የትምህርት ቤት ጥበቃ፣ አንዷ የጥርስ ሐኪም፤ ደወሉ ሲጮህ ግን የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጠ አምላክ ይመስገን ከማለት በቀር ምን ይባላል! ወንበር ተመርጦ አይቀመጥም፤ ክፍት በተገኘበት ነው። ዳኛው ትናንት ከቀጣው ሰው ጎን ተቀምጦ «እስቲ ቅቤውን አቀብለኝ» ሲል ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም።

የተከበሩ ሌላንድ ቦትራይት የአውራጃው ተወካይ ሆነው ዋሽንግተን ከገቡ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ ቁርስ አንድ ጊዜም ቀርተው አያውቁም። ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው አብሮ የሚስቅ ሰው ናቸው። በዚያን ቀንም ገና በበሩ ሲገቡ የእሳት አደጋው አለቃ ቨርል ሺፍሌት፣ የፓንኬክ መገልበጫውን እንደ ያዘ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ወጣና ጮኸ።

«ወገኖች! ፀጥ በሉ እስቲ! ይሄ ሰውዬ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን፣ አንድም ቀን ነው የምላችሁ፣ ድሪቶ በጀት ደግፎ አያውቅም! ማክሰኞም አይደግፍም! አይደል እንዴ ሌላንድ?»

«እንዴታ!» አሉ ቦትራይት። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

ድሪቶ በጀት የሚሉት ይህን ነው። የአገሪቱ የበጀት ዓመት በሴፕቴምበር ሠላሳ ያልቃል። ምክር ቤቱ የዓመቱን በጀት እስከዚያ ቀን ካልጨረሰ፣ እንደ ልማዱም አይጨርስም፣ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ በዓምናው ልክ ለጥቂት ሳምንት የሚያቆይ ጊዜያዊ በጀት ያጸድቃል፣ ወይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። ቦትራይት ያንን ጊዜያዊ በጀት «ድሪቶ» ብለው ስም አወጡለት። ስሙም ሠመረላቸው፤ ዘጠኝ ምርጫ ካሸነፉበት ግማሹ በዚህ ቃል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሳህናቸውን ይዘው ክፍት ወንበር ፈለጉና ከአንዲት ወጣት ሴት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጫማዋ ጭቃ ይዟል፤ እጆቿ ላይ የእሾህ ጭረት ይታያል። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሷ አላጨበጨበችም፤ ይህ ከቦትራይት ዓይን አላመለጠም።

«ልጄ፣ ጭብጨባው አልጣመሽም መሰለኝ» አሏት፣ የማሽላ አገዳውን ሽሮፕ ፓንኬካቸው ላይ እያፈሰሱ።

«እጄ ተይዞብኝ ነው ጌታዬ። ሹካና ቢላ ይዣለሁ።»

«በሁለቱም እጅ?»

«በሁለቱም።»

የሽማግሌው ትከሻ ሳቀ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ይወዳሉ፤ ዋሽንግተን ውስጥ የሚገጥማቸው ሰው ሁሉ የሚያወራው አማካሪ የጻፈለትን ነው። «ማን ልበል?» አሏት።

«ታንሲ ኤከርስ እባላለሁ። ከጋራው በላይ ያለው የመንግሥት የደን ምርምር ጣቢያ ነው የምሠራው። ቼስነት አራባለሁ።»

«ቼስነት!» ቦትራይት ሹካቸውን አስቀመጡ። ያ ዛፍ በዘመኑ ያንን ጋራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖት ነበር። ሰውም ከብትም ፍሬውን ይበላ ነበር፤ ጎተራውም አጥሩም የሕፃኑ አልጋም ከሱ ነበር የሚሠራው። ከባሕር ማዶ የመጣ በሽታ ገባበትና ባንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ጠራርጎ ጨረሰው። «የአያቴ ጎተራ እስከ ዛሬ የቆመው በቼስነት ሳንቃ ነው። እኔ ግን አንድ ትልቅ ቼስነት በሕይወት ቆሞ አይቼ አላውቅም።»

«እኛም ያንን ልንመልስ ነው የምንደክመው። በሽታውን ከሚችለው ከቻይናው ዘር ጋር እናዳቅላለን፣ ከዚያ መልሰን ካገራችን ጋር እናዳቅላለን። ረጅም ሥራ ነው። አለቃዬ ጀመረችውና ጡረታ ወጣች፤ እኔ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ። ዘንድሮ ግን፣ ይመስገነው፣ በሽታውን ሆን ብለን ካስያዝናቸው ዛፎች አንዷ ቁስሏን ዘግታ ዳነች። ፍሬ ስትይዝም የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፍሬ በእጄ በከረጢት ሸፍኛለሁ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!» አሉ ከልባቸው። «ታዲያ እንዲህ ያለ ደስታ ይዘሽ ፊትሽ ምነው ጨለመ?»

ታንሲ ከጃኬቷ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና በሳህናቸው ጎን አስቀመጠችው። ትናንት ለጣቢያው ሠራተኞች የታደለ ደብዳቤ ነው። እስከ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት በጀት ካልጸደቀ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ሥራ እንዳይመጡ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስልክና ቁልፍ እንዲያስረክቡ፣ እስኪጠሩ ድረስም ቤታቸው እንዲቆዩ ያዛል። ቦትራይት አንብበው መለሱላት።

«ፍሬው መቼ ነው የሚለቀመው?»

«ካሁኑ ረቡዕ ጀምሮ ባሉት ዐሥር ቀኖች። እሾሃሙ ቅርፊት ሊፈነዳ ሲል መድረስ አለብን። ከፈነዳ የዛፍ ሽኮኮ ይጨርሰዋል፤ ሽኮኮ የተወው ደግሞ መሬት ላይ ደርቆ ይሞታል። ካለፈን ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ያውም ዛፏ ከርሞም ካፈራች።»

«አይ አንቺ! ለዚህ ነው የምታዝኚው? ቨርል!» ብለው ወደ ምድጃው ተጣሩ። «ረቡዕ ሃያ ሰው ትሰጠኛለህ? ጋራው ላይ ወጥተን ለዚህች ልጅ ፍሬዋን እንልቀምላት!»

«ሃያ? አርባ እሰጥሃለሁ! አንተ ብቻ ሰዓቱን ቁረጥ!»

ቦትራይት በኩራት ወደ ታንሲ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ እኛ እዚህ እንዲህ ነን። መንግሥት ተዘጋ ብሎ ዓለም አይቆምም። አንቺም ደመወዙ ይቆይና እንደነዚህ ሰዎች በበጎ ፈቃድ ወጥተሽ ሥሪ። አገር መውደድ ማለት ይኸው ነው።»

«አይቻልም፣ ሚስተር ቦትራይት።»

«ምኑ ነው የማይቻለው?»

«በነፃ መሥራት። ሕግ ይከለክላል። ረቡዕ ያቺን ዛፍ ብነካ ጥፋተኛ እኔ ነኝ። ቨርልና ሰዎቹም በሩን ማለፍ አይችሉም። ሲዘጋ በሥራው ላይ የሚቆየው ሕይወትና ንብረት የሚጠብቅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዘበኛ በሩ ላይ ይቆማል። ስለ ፍሬው ጠይቄ ነበር። “ምርምር ነው፣ ይቆይ” ተባልኩ።»

«እንዴ! ሰው ካገሩ ጉልበቱን በነፃ እንዳይሰጥ የሚከለክል ምን ዓይነት ሕግ ነው? የትኛው ቂል ነው ያወጣው?»

«የእርስዎ ምክር ቤት» አለች ታንሲ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ከመቶ ዓመት በፊት።»

ቦትራይት ሳቁ። ከዚያ የልጅቱን ፊት አዩና መሳቃቸውን ተዉ። «አንድ ጊዜ ይቅርታ» ብለው ተነሱና ወደ ደጅ ወጥተው፣ በቀዩ መኪና ጥላ ሥር ቆመው፣ ዋሽንግተን ላለችው የሕግ አማካሪያቸው ደወሉ። አማካሪዋም ሕጉን ቃል በቃል አነበበችላቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮ ዘመን መሥሪያ ቤቶች ከተፈቀደላቸው ገንዘብ በላይ ሰው ያሠሩና «በፈቃዱ ነው የሚሠራው» ይሉ ነበር፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ምክር ቤቱን «ሰዎቹ ደከሙ፣ ክፈል እንጂ» እያሉ ያስጨንቁታል። ምክር ቤቱም ተማረረና በመንግሥት ቤት የነፃ ጉልበት መቀበልን ከለከለ። ገንዘብ ለመቆጠብ የወጣ ሕግ ነው። ቦትራይት በዚያ ዘመን ቢኖሩ ኖሮ እጃቸውን ቀድመው የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ።

ሲመለሱ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር።

«እውነትሽን ነው» አሉ፣ ወንበራቸውን እየሳቡ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ “ይዘጋ” ብዬ ድምፅ ስሰጥ ይህን አላውቅም ነበር። አፍሬያለሁ።»

ትልቅ ሰው በሕዝብ መሀል ተቀምጦ «አፍሬያለሁ» ሲል መስማት እንዴት ደስ ይላል! ስንቱ ባለ ሥልጣን ነው ተሳስቶ መሳሳቱን ሳይናገር የሚያረጅ። ይሁን እንጂ ቦትራይት ማፈራቸውን ተናገሩ እንጂ ገና አልተሸነፉም። ሳህናቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና ሁለት ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተከሉ።

«ነገር ግን ስሚኝ። እኔ ድሪቶውን የጠላሁት ያንቺ ፍሬ እንዲበሰብስ ብዬ አይደለም። ምክር ቤቱ የዓመቱን በጀት በጊዜው የጨረሰበት ጊዜ በጣት ይቆጠራል። ለምን ይጨርስ? ድሪቶ አለለታ! ስድስት ሳምንት ይራዘማል፣ ከዚያ ሌላ ስድስት ሳምንት፣ ከዚያ ዓመቱ አለቀ። የማይረባው ሥራ አይቆም፣ የሚረባው አይጀመር። አንድ ጊዜ በሩ ተዘግቶ ሕመሙ ካልተሰማቸው መቼም አይማሩም። እኔ እምቢ የምለው ለዚህ ነው።»

«ልክ ነዎት» አለች ታንሲ።

«ምን አልሽ?»

«ልክ ነዎት አልኩ። ድሪቶ መሆኑንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የዘር ማቀዝቀዣችን ተበላሽቶ አዲስ ብንጠይቅ “በጊዜያዊ በጀት አዲስ ዕቃ የለም” ተብለን፣ ይኸው ዘሩን ከአንድ አትክልት ነጋዴ ጓዳ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። “ሕመሙ ካልተሰማቸው” ያሉት፣ እነማን ናቸው እነሱ?»

«የምክር ቤቱ አባላት ናቸዋ! እኔና መሰሎቼ።»

«ሲዘጋ የእናንተ ደመወዝ ይቆማል?»

ቦትራይት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አይቆምም። የሕገ መንግሥቱ ነገር ነው።»

«ቢሮዎስ ይዘጋል?»

«እሱም አይዘጋም።»

«ታዲያ ሕመሙ የት ነው የሚሰማዎት ጌታዬ? በማክሰኞው እምቢታ የሚታመመው የአውሮፕላን ተቆጣጣሪው ነው፤ ያለ ደመወዝ እየሠራ የልጆቹን ምሳ ያሰላል። ለዘር ብድር ፎርም ሞልቶ ቢሮው የተዘጋበት ገበሬ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ በር ላይ ማደሪያ ያላት ሴትዮ ናት፤ ቅጠሉ ቀልቶ እንግዳ የሚጎርፈው በኦክቶበር ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች አንዳቸውም በጀት አላዘገዩም። የትኛውን ትምህርት ነው የሚማሩት?»

በዚህ መካከል ቨርል የቡና ማንቆርቆሪያውን ይዞ መጣና ወገቡን ይዞ ቆመ። «ምነው ሌላንድ፣ ልጅቷ አስጨነቀችህ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ቡናውን ቅዳ» አሉት ቦትራይት።

«እኔ እኮ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቢዘጋ ቢያንስ ገንዘብ ይተርፋል አይደል? የኛ ግብር!»

«አይተርፍም ቨርል» አለችው ታንሲ። «ሲከፈት ያልሠራንበት ቀን ሁሉ ይከፈለናል፤ እሱም ሕግ ነው። እኔ ቤቴ ሶፋ ላይ ተኝቼ ትከፍለኛለህ፤ ፍሬው ጋራው ላይ ይበሰብሳል።»

«ተኝተሽ?»

«ተኝቼ።»

«ኧረ ለኔም እንዲህ ያለ ሥራ ፈልጉልኝ!» አለ ቨርልና በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ቦትራይት ግን አልሳቁም። ለሕዝብ ገንዘብ የሚቆረቆሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ለሥራ ሳይሆን ለመቀመጥ ሊከፈለው ነው የሚለው ነገር ከሁሉ ይልቅ አንጀታቸውን አቃጠለው።

ታንሲ ይህን አይታ ድምፅዋን አለዘበች። «ከዚህ ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ሚስተር ቦትራይት። ጊዜ ካለዎት ይምጡና ዛፏን ይዩአት።»

ከእሷ ፒክአፕ ኋላ እየነዱ ወጡ። ጣቢያው ጋራው ትከሻ ላይ ነው፤ የሽቦ አጥር፣ አንድ ዝቅ ያለ የእንጨት ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ረድፍ በረድፍ የቆሙ ዛፎች። ብዙዎቹ ቅርፊታቸው ተሰንጥቆ፣ ጫፋቸው ደርቆ፣ ለማየት ያሳዝናሉ። በሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ ያለችው ግን ሌላ ናት። ቁመቷ የአንድ ፎቅ ቤት ያህላል፤ ቅጠሏ ሙሉ ነው፤ በግንዷ ላይ ድሮ የታመመችበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ ይታያል። ቅርንጫፎቿ ላይ ሁሉ ትናንሽ የወንፊት ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል፤ በየከረጢቱ ውስጥ አረንጓዴ እሾሃም ፍሬ አለ። ከአጥሩ ላይ አንድ ወፍራም ሽኮኮ ጅራቱን አቁሞ ያያቸዋል።

«እሱ ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ነው» አለች ታንሲ። «ባለ ጉዳይ ነው።»

ቦትራይት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ግንዱን በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉ። አያታቸው የዚህን ዛፍ ስም ሲያነሱ ድምፃቸው ይሰበር እንደ ነበር ትዝ አላቸው። «ተመስገን» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ይህንን ሳያይ የሞተው ስንት ነው! እኔ አየሁ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ካልተቆጡኝ።»

«ጠዋት ሙሉ ስትጠይቂኝ ውለሽ አሁን ፈቃድ ታወጪያለሽ? ጠይቂ።»

«የዓመቱ በጀት የሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ገብተዋል?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት።

«አንድም ጊዜ።»

«በአሥራ ስምንት ዓመት?»

«አይጠሩኝማ! በመጨረሻ እምቢ እንደምል ያውቃሉ። እምቢ ለሚል ሰው ማን ወንበር ይሰጣል?» ይህን ብለው አላቆሙም። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ባለመጠራቴ ደስ ይለኝ ነበር። እዚያ ክፍል የገቡት ሰዎች ክረምት ከበጋ በየቁጥሩ ሲነታረኩ ፀጉራቸው ያልቃል፤ ሁሉም ይቆጣቸዋል፤ ማንም አያጨበጭብላቸውም። እምቢ ማለት ግን ዐሥር ደቂቃ ነው። ካርዴን አስገብቼ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ፣ መኪናዬን አስነስቼ ወደዚህ እመጣለሁ፣ ቨርል ባልዲ ላይ ይወጣልኛል። ሥራቸውን በጊዜው አይሠሩም፣ ሰነፎች ናቸው እያልኩ የኖርኩት… አንዱ ሰነፍ እኔ ነበርኩ ማለት ነው።»

ሰው ሌላውን ሲገሥጽ ዓይኑ ይበራል፤ ወደ ራሱ ሲዞር ግን ለማየት ዓመታት ይወስድበታል። ክርክሩ በዚያች ደቂቃ አለቀ። ታንሲም አስተዋይ ልጅ ናትና ድል አደረግሁ ብላ አልፈነደቀችም።

«ድሪቶውን ይውደዱት አላልኩም» አለች። «ፋታ ያግኙበት፣ በፋታው ዋናውን ይሥሩ ነው የምለው። የቀረበው የሰባት ሳምንት ነው አይደል? ለእኔ ፍሬ ይበቃል። ለእናንተም ሥራ ከተቀመጣችሁበት ይበቃል።»

«ቨርል ይገድለኛል» አሉ ቦትራይት፣ ባርኔጣቸውን እየደፉ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በግድግዳው ላይ የየአባሉ ስም ተጽፎ፣ የደገፈው በአረንጓዴ፣ የተቃወመው በቀይ መብራት ይታያል። የቦትራይት ወዳጆች የእሳቸውን ቀይ ቀድመው ቆጥረውታል፤ እንዲያውም አንዱ «ዛሬም አብረን ነን» ብሎ ጀርባቸውን ቸብ አደረጋቸው። ካርዳቸውን አስገቡ። ጣታቸው ከልማድ ወደ ቀዩ ሄደ፤ መለሱት። አረንጓዴው ሲበራ ጀርባቸውን ቸብ ያደረገው ሰው «ሌላንድ፣ ተሳሳትህ! ቶሎ ለውጠው!» ብሎ ጮኸ።

«አልተሳሳትኩም» አሉ። 

በጀቱ በሦስት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ሴኔቱም አጸደቀው፣ ፕሬዚዳንቱም ዕለቱን ፈረሙበት። ያ ሳይሆን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ጧት ስንት በር ሳይከፈት ይቀር እንደነበር የሚያውቅ ሰው ያን ቀን ሳያመሰግን አይቀርም።

ስልካቸው የጮኸው ገና ከአዳራሹ ሳይወጡ ነው።

«ሌላንድ! ቴሌቪዥኑ ተሳስቷል በለኝ!»

«ቴሌቪዥኑ ትክክል ነው ቨርል።»

«ምን ነካህ? ሰው እንዴት ባንድ ቁርስ ይገለበጣል? አሥራ ስምንት ዓመት አጨብጭቤልሃለሁ! እጄ እስኪቃጠል!»

«አውቃለሁ ወንድሜ፤ ውለታህን አልረሳም። ግን አንድ ጊዜ ስማኝ። ነገ ጧት ያ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪ ደመወዙን ሳያስብ አውሮፕላኑን ብቻ ያያል። ገበሬው ብድሩን የሚፈርምለት ሰው ቢሮው ውስጥ ያገኛል። ማደሪያ ያላት ሴትዮ እንግዶቿን አትመልስም። ቁጭ ላለ ሰው አንድ ሳንቲም አይከፈልም፤ የከፈልከው ግብር ለሠራ ሰው ይሄዳል። ይህን ሁሉ ያገኘነው ሰባት ሳምንት በመራዘሙ ነው። በሰባት ሳምንቱ ውስጥ ካልሠራሁ ያኔ ስደበኝ፤ ባልዲህ ላይ ወጥተህ ስደበኝ።»

«በሚቀጥለው ምርጫ ድምፄን አታገኝም። ቁርጡን ልንገርህ።»

«መብትህ ነው።»

 ቦትራይት የሠላሳ ዓመት ጓደኝነት አበቃ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«… እሺ፣ ለቀማው መቼ ነው?» አለ ቨርል።

ለቀማው ቅዳሜ ሆነ። በሩ ክፍት ሲሆን በጎ ፈቃደኛ በደን ሥራ እንዲያግዝ የሚፈቅድ ሌላ ሕግ ስላለ የነፃ ጉልበት መቀበልም ተቻለ፤ በወጉ ተመዝግቦ ከሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱ ለቃሚ ሦስት ገጽ ፎርም መሙላት ነበረበት። ቨርል «የደም ዓይነቴን ጭምር ይጠይቃል እኮ!» እያለ ከእርሳሱ ጋር ሲታገል ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ከሁሉ በኋላ ጨርሶ ከሁሉ በፊት መሰላል ላይ ወጣ። ወፍራም የቆዳ ጓንት ቢያደርጉም እሾሁ ያልወጋው ሰው አልነበረም። የጥርስ ሐኪሟ ከአንዱ ሰው ጣት እሾህ ስትነቅስ፣ ሌላው «ጥርሴንም እይልኝ» ይላል። ወፍራሙ ሽኮኮ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ከሁሉም በላይ ተቆጥቶ ይጮሃል። እሱም ሥራ አልፈታም፤ አሥራ ዘጠኝ ከረጢት ቀዶ ፍሬውን ወስዷል። የቀሩት መቶ ዘጠና ሦስቱ አንድ በአንድ ወረዱ።

ታንሲ እያንዳንዱን ፍሬ ስትቀበል ታመሰግናለች። መጀመሪያ በቃል፣ ኋላ በራሷ ንቅናቄ። ቨርል መሰላሉ ላይ ሆኖ የመጨረሻውን ሲያቀብላት «ኧረ በቃሽ ልጄ፣ ያላንቺ እኔ ይህን ዛፍ የት አየው ነበር? የማመሰግነው እኔ ነኝ» አላት፤ ከዚያም ፊቱን አዙሮ በጓንቱ ዓይኑን ሊጠርግ ሲል እሾህ አፍንጫውን ወጋውና ሁሉንም አሳቃቸው።

ቀትር ላይ ሳንድዊች ወጣ። ቦትራይት ግን አልተቀመጡም፤ የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው ወደ ታንሲ መጡ። ረቡዕ ዕለት የደንና የእርሻውን በጀት የሚጽፈው ቡድን ዘንድ ሄደው ወንበር ለምነዋል። የቡድኑ ሰብሳቢ መጀመሪያ ሊያምናቸው አልቻለም ነበር፤ ኋላ ግን «እንግዲያው ሰኞ ጧት በሁለት ሰዓት፣ ቁጥርህን ይዘህ» አላቸው። በሰባ አንድ ዓመታቸው አዲስ ተማሪ ሆነዋል፤ ፈርተዋልም። ፍርሃታቸውን ግን አልደበቋትም።

«ከሰባቱ ሳምንት አንዱ ሊያልቅ ነው፣ እኔ ገና ሀ አላልኩም» አሏት። «ምሳውን እናንተ ብሉልኝ። ካንቺ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ጣቢያችሁ የሚያስፈልገውን ጻፊልኝ፤ ማቀዝቀዣውን፣ ሰዉን፣ ሁሉንም። ሰኞ ይዤው ልግባ።»

«እሺ ጌታዬ። እስከ ሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ የሚያስፈልገንን ነው?»

«የለም። ዓመቱን ሙሉ።»

ታንሲ በዚያ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ «ምኑ ይቅር? ምኑ ይቆይ? እስከ መቼ ትችያለሽ?» ተብላ ብዙ ጊዜ ተጠይቃለች። የዓመቱን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ወረቀት አልያዘችም፤ ኪሷን ብትፈትሽ እርሳስ ብቻ ነው ያገኘችው። ፍሬ ሊገባበት ከመጣው የካኪ ከረጢት አንዱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እሾህ በወጋጋው ጣቷ መጻፍ ጀመረች። ቦትራይት ቁልፋቸውን እንደ ያዙ ቆመው ጠበቁ። ከረጢቱ በሁለቱም በኩል ሞላ፤ እሷም ሌላ ከረጢት አነሳች።